የቤዛውን ዋጋ የሚሰብረው ነጻ ቁልፍ

በኦክቶበር 2018 አንድ ሶሪያዊ አባት በትዊተር አቤቱታ አሰሙ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በጦርነቱ የሞቱባቸው ልጆቻቸው ፎቶግራፎች ያሉበት ኮምፒዩተር በቫይረስ ተቆልፎባቸዋል፤ ቆላፊዎቹ ለመክፈቻው 600 ዶላር ጠይቀዋቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ ገንዘቡ የላቸውም። ነገሩ በሰፊው ተሰማ። ብዙም ሳይቆይ «ጋንድክራብ» በሚል ስም የሚሠሩት ቆላፊዎች በሶሪያ ለሚገኙ ሰለባዎቻቸው በሙሉ መክፈቻውን ያለ ክፍያ ለቀቁ። ሶሪያን ከመጀመሪያው ከማይነኩ አገሮች ተርታ አለማስገባታቸው ስሕተት እንደነበርም ተናገሩ።

ለሌላው ዓለም ግን ዋጋው እንዳለ ቀጠለ። የሰበረው ሌላ ወገን ነው። በዚያው ወር መጨረሻ ቢትዲፌንደር የተባለው የሩማንያ የጸረ ቫይረስ ኩባንያ ከሩማንያ ፖሊስና ከአውሮፓ ኅብረት የፖሊስ ድርጅት ከዩሮፖል ጋር ሆኖ በርካታ የጋንድክራብ ስሪቶችን የሚፈታ ፕሮግራም በነጻ አወጣ። በመቶዎች ዶላር ሲቸበቸብ የነበረ ዕቃ በአንድ ቀን ያለ ዋጋ ቀረ። ሻጮቹም እንደ ማንኛውም ገበያው እንደተበላሸበት ነጋዴ አዲስ ሞዴል ይዘው ብቅ አሉ። ነጻ መፍቻው በፌብሩዋሪ 2019 ተሻሻለ፤ እነሱም አሻሻሉ። በሜይ 2019 መጨረሻ «በቃን» ብለው ከገበያ መውጣታቸውን ሲያስታውቁ የመጨረሻውን ስሪት የሚፈታው ፕሮግራም በጁን ወጣ። ዩሮፖል በጊዜው እንዳስታወቀው ቀደም ብለው የወጡት መፍቻዎች ከ30,000 በላይ ሰዎች ፋይላቸውን እንዲያስመልሱና 50 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ቤዛ ሳይከፈል እንዲቀር አድርገዋል። ቆላፊዎቹ በበኩላቸው በመላው ሥራቸው 2 ቢሊዮን ዶላር መሰብሰቡን ተናግረዋል። ይህን የሚናገሩት ራሳቸው ናቸው፤ መዝገባቸውን የመረመረ ኦዲተር የለም።

ይህ ዓይነቱ ቫይረስ በባለሙያዎች ዘንድ «ራንሰምዌር» ይባላል፤ በግርድፉ የቤዛ ቫይረስ ማለት ነው። ለአንድ አስመጪ ወይም ጅምላ አከፋፋይ የሚቆለፍበት ፋይል የዓመቱ ሂሳብ መዝገብ፣ የዱቤ ደንበኞች ዝርዝር፣ የባንክ ሰነዶች ቅጂ ነው። የፒችትሪ ፋይሉ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ያለ ነጋዴ ግብር ማሳወቂያው ጊዜ ሲደርስ ይህ ቢያጋጥመው ምን ያህል ሊከፍል እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ቆላፊዎቹም የሚቆጥሩት ይህንኑ ነው።

ንግዱ እንዴት እንደተደራጀ ማየት ለደላላም ለነጋዴም ትምህርት አለው። የጋንድክራብ ባለቤቶች ራሳቸው ሰው ቤት አይገቡም ነበር። እነሱ ፕሮግራሙን ይሠራሉ፣ የክፍያውን ገጽ ያስተዳድራሉ፤ ሰለባ ፍለጋ የሚወጡት በድርሻ የሚሠሩ ሌሎች ናቸው። ከሚገኘው ቤዛ 60 በመቶው ለአጥቂው፣ 40 በመቶው ለፕሮግራሙ ባለቤቶች ነበር። ትልቅ ሥራ የሚያመጣ ከሆነ ድርሻው እስከ 70 በመቶ ይደርሳል። ሁለት በመቶ ኮሚሽን ለመቀበል ደጅ የሚጠና የአዲስ አበባ ደላላ ይህን ቢሰማ መገረሙ አይቀርም።

ከዚህ የባሰም አለ። በ2019 ይፋ እንደሆነው የጋንድክራብ የክፍያ ገጽ ላይ ተራው ተጠቂ የማያውቀው የቅናሽ ኮድ ማስገቢያ ነበረ። የተዘጋጀው «የጠፋ ፋይል እናስመልሳለን» ለሚሉ ድርጅቶች ነው። ደንበኛው ቤዛ አልከፍልም ብሎ ወደ ባለሙያ ይሄዳል፤ «ባለሙያው» በስውር በቅናሽ ከቆላፊዎቹ ቁልፉን ይገዛል፤ ትርፉን ጨምሮ ለደንበኛው የጥገና ሂሳብ ይቆርጥለታል። ደንበኛው ሌባ አልደገፍኩም ብሎ ደስ ብሎት ይሄዳል። ስለዚህ «ሁሉንም እንፈታለን» የሚል ማስታወቂያ ሲታይ ሰውየው በምን ዘዴ እንደሚፈታ አስቀድሞ መጠየቅ የገዢ መብት ነው። አጥጋቢ መልስ ካልሰጠ መልሱ ያው ነው።

ቁልፉ ለምን በቀላሉ አይሰበርም?

የመጀመሪያው የቤዛ ቫይረስ በዲሴምበር 1989 የመጣው በፖስታ ነበር። ጆሴፍ ፖፕ የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ምሁር ስለ ኤድስ መረጃ ይሰጣል የተባለ ፕሮግራም የያዙ 20,000 ያህል ዲስኬቶች ለተለያዩ አገሮች ሰዎች ላኩ። ዲስኬቱን የተጠቀመ ሰው ከጊዜ በኋላ የፋይሎቹ ስም ይዘበራረቅበትና 189 ዶላር በፓናማ ወደሚገኝ የፖስታ ሳጥን እንዲልክ ይጠየቃል። ጂም ቤትስ የተባሉ እንግሊዛዊ ባለሙያ ፕሮግራሙን መርምረው መቆለፊያው ደካማ መሆኑን አገኙ፤ ቫይረሱን የሚያጠፋና ፋይሎቹን የሚመልስ ፕሮግራምም ሠርተው በነጻ አደሉ። ነጻ መፍቻ ማለት እንግዲህ ከቤዛ ቫይረሱ ጋር እኩል ዕድሜ ያለው ነገር ነው።

የፖፕ ስሕተት የሚቆልፈውም የሚከፍተውም ቁልፍ አንድ መሆኑና ከቫይረሱ ጋር አብሮ መላኩ ነበር። የአሁኖቹ ይህን ያውቃሉ። ዘዴያቸው የቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋትን ይመስላል። ማንም ሰው ሳንቲሙን በቀዳዳው መክተት ይችላል፤ መልሶ ማውጣት የሚችለው ግን የሳጥኑን ቁልፍ የያዘው ብቻ ነው። ቫይረሱ ፋይሉን በአንድ ቁልፍ ይቆልፍና ያንኑ ቁልፍ በሙዳዩ ቀዳዳ ይከተዋል። የሙዳዩ ቁልፍ ያለው በቆላፊው ሰርቨር ላይ ነው። ሥራው በጥንቃቄ ከተሠራ በዓለም ያለ ኮምፒዩተር ሁሉ ተሰብስቦ ቢሞክር ዕድሜ ልክ አይበቃውም።

ታዲያ ነጻ መፍቻው ከየት ይመጣል? አንዳንዴ ቆላፊው ሥራውን በግዴለሽነት ይሠራል፤ ሙዳዩን ሳይቆልፍ ይተወዋል። አንዳንዴ ፖሊስ ሰርቨሩን ይይዛል። የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ «ሃይቭ» በተባለው ቡድን ኮምፒዩተሮች ውስጥ ከጁላይ 2022 ጀምሮ ተደብቆ ቁልፎችን ለተጠቂዎች ሲያቀብል ቆይቶ በጃንዋሪ 2023 ይፋ አድርጎታል፤ በዚህም 130 ሚሊዮን ዶላር ቤዛ እንዳይከፈል ማድረጉን አስታውቋል። ይኸው ቢሮ በጁን 2024 «ሎክቢት» ከተባለው ቡድን የተገኙ ከ7,000 በላይ ቁልፎች በእጁ እንዳሉ ገልጾ ተጠቂዎች እንዲቀርቡ ጠይቋል። አልፎ አልፎ ደግሞ ቆላፊው ራሱ ሱቁን ሲዘጋ ቁልፉን ይጥላል። በሜይ 2016 «ቴስላክሪፕት» የተባለው ቡድን ሥራ ማቆሙን ሲያስታውቅ የኢሴት ኩባንያ ባለሙያ ዋናውን ቁልፍ እንዲሰጡት ጠየቃቸው፤ ሰጡት። መጠየቅ ብቻ በቃ።

እነዚህ መፍቻዎች በአንድ ቦታ እንዲገኙ የኔዘርላንድ ፖሊስ፣ ዩሮፖል፣ ካስፐርስኪና ኢንቴል ሴኩሪቲ በጁላይ 2016 «ኖ ሞር ራንሰም» የተባለውን አገልግሎት ጀመሩ። በስድስተኛ ዓመቱ፣ በ2022፣ ለ165 የቫይረስ ዓይነቶች 136 ነጻ መፍቻዎች እንዳሉትና ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንደተጠቀሙበት ተገልጿል። ተጠቂው ሁለት የተቆለፉ ፋይሎችና ቆላፊዎቹ የተዉትን ደብዳቤ ሲያስገባ አገልግሎቱ የቫይረሱን ዓይነት ለይቶ መፍቻ ካለው ይነግረዋል። ክፍያ የለም።

በትንንሽ ሱቆችና በየቤቱ በብዛት ከሚገኙት ቫይረሶች አንዱ «ስቶፕ» ወይም «ዴጃቩ» የሚባለው ነው። የሚገባበት መንገድ ለብዙ አንባቢ አዲስ አይሆንም። ያልተገዛ ፕሮግራም ለመክፈት ከሚወርድ «ክራክ» ጋር ነው። 500 ዶላር የሚያወጣ ፕሮግራም በነጻ አገኘሁ ያለው ሰው በማግስቱ 980 ዶላር ይጠየቃል፤ በሦስት ቀን ውስጥ ከከፈለ በግማሽ፣ በ490 ዶላር ይታለፍለታል። የሦስት ቀኑ ቅናሽ ዓላማ ግልጽ ነው፤ ተጠቂው ሌላ አማራጭ ሳይፈልግ እንዲከፍል ነው።

ለዚህ ቫይረስ ኤምሲሶፍት የተባለው ኩባንያ በኦክቶበር 2019 ነጻ መፍቻ አውጥቷል። መፍቻው በጊዜው ይታወቁ ከነበሩት 160 ስሪቶች 148ቱን ይሸፍን ነበር። ሥራውን ከመሩት አንዱ ማይክል ጊሌስፒ በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት በኮምፒዩተር ጥገና ሱቅ ተቀጥሮ እየሠራ፣ በትርፍ ጊዜው በርካታ የቤዛ ቫይረሶችን የፈታ ወጣት ነው። ከኦገስት 2019 በኋላ የመጡት ስሪቶች ግን ጠንክረዋል። በእነዚህ ላይ የተጠቂው ዕድል በአንድ ነገር ላይ ይንጠለጠላል። ቫይረሱ ሲቆልፍ ከጌቶቹ ሰርቨር ጋር መገናኘት ከቻለ ለዚያ ሰው ብቻ የሚሆን ቁልፍ ይሰጠዋል። መስመሩ ከተቋረጠበት ግን አብሮት በተላከው አንድ የጋራ ቁልፍ ይቆልፋል። የጋራ ቁልፉን አንድ ሰው ከፍሎ ካገኘውና ለኩባንያው ከሰጠው በዚያ ስሪት የተጠቁ ሌሎች ሁሉ በነጻ ይከፍታሉ። ቆላፊዎቹ በተዉት ደብዳቤ ላይ ያለው መለያ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ «ቲ» በተባለችው የላቲን ፊደልና በ1 ቁጥር ካለቀ የጋራ ቁልፍ ነው፤ ተስፋ አለ። ኢንተርኔት ሲቋረጥ የሚያማርር ሰው ለአንድ ጊዜ ምስጋና የሚያቀርብበት አጋጣሚ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ይህ ቫይረስ ለመፍጠን ሲል ከእያንዳንዱ ፋይል የሚቆልፈው የመጀመሪያውን 150 ኪሎባይት ገደማ ብቻ ነው። አጭር ደብዳቤ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፤ ትልቅ የቪዲዮ ወይም የታመቀ ፋይል ግን አብዛኛው አካሉ ሳይነካ ስለሚቀር ያለ ቁልፍም በከፊል የሚመለስበት ጊዜ አለ።

የተቆለፈበት ሰው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚያደርገው ነገር ውጤቱን ይወስናል። የኔትወርክ ገመዱን መንቀል፣ ዋይፋዩን ማጥፋት፣ የተሰካ ፍላሽና ተጨማሪ ዲስክ ማውጣት ይቀድማል፤ ቫይረሱ ወደ ጎረቤት ኮምፒዩተር የሚሻገረው በእነዚህ ነው። በንዴት «ፎርማት» ማድረግ ትልቁ ጥፋት ነው። የተቆለፉት ፋይሎችና ደብዳቤው በሌላ ዲስክ ተገልብጠው መቀመጥ አለባቸው፤ አንዳንድ መፍቻ የሚሠራው በእነሱ ነውና። መፍቻው ከመሞከሩ በፊት ቫይረሱ ራሱ መጽዳት ይኖርበታል፤ አለዚያ የተፈታውን መልሶ ይቆልፈዋል። ሙከራውም በዋናው ላይ ሳይሆን በቅጂው ነው። ለአንዳንድ የድሮ ስሪቶች የአንድ ፋይል የተቆለፈው ቅጂና ያልተቆለፈው ቅጂ ጎን ለጎን ይፈለጋሉ። ጤነኛው ቅጂ ብዙ ጊዜ ሰው ባላሰበው ቦታ ይገኛል፤ ለደንበኛ በኢሜይል በተላከ ፕሮፎርማ፣ በሂሳብ ሠራተኛው ፍላሽ፣ በስልክ ውስጥ። ከስቶፕ ጋር አንዳንዴ የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ሌላ ቫይረስ አብሮ ይገባል። ስለዚህ የባንክና የኢሜይል የይለፍ ቃሎች ከሌላ ንጹሕ ኮምፒዩተር ላይ መቀየር አለባቸው።

ነጻ የሚባል ሁሉም ነጻ አይደለም። በጁን 2020 የስቶፕ መፍቻ ነኝ የሚል ፕሮግራም ተሰራጭቶ ነበር። ተጠቂው ተስፋ አድርጎ ሲከፍተው «ዞራብ» የተባለ ሌላ ቫይረስ ሆኖ ተገኘ፤ የተቆለፈውን ፋይል ደግሞ ቆለፈው። መፍቻን ከኖ ሞር ራንሰም ወይም ከታወቀው አምራች ኩባንያ እንጂ በቴሌግራም ከተላከ ፋይል አለመውሰድ የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

ይፋ ይውጣ ወይስ በስውር ይታደል?

በመፍቻ ሠሪዎቹ መካከልም ክርክር አለ፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም። በ2020 መጨረሻ ጊሌስፒና የሥራ ባልደረባው ፋቢያን ቮሳር «ዳርክሳይድ» በተባለው ቫይረስ ላይ ስሕተት አገኙ። ዝም ብለው ተጠቂዎችን በስውር መርዳት ጀመሩ። በጃንዋሪ 2021 ግን ቢትዲፌንደር ያንኑ ስሕተት የሚጠቀም መፍቻ በይፋ አወጣ። ዳርክሳይዶች በማግስቱ ጉድለታቸውን ማረማቸውን አስታወቁ፤ በስላቅ ምስጋናም አቀረቡ። ከአራት ወር በኋላ፣ በሜይ 2021፣ የአሜሪካው ኮሎኒያል የነዳጅ መስመር በዚሁ ቡድን ተጠቃ፤ ቤንዚን ለቀናት ተቋረጠ፤ ኩባንያው 75 ቢትኮይን፣ በጊዜው 4.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ከፈለ። ከፍሎ ያገኘው መፍቻ በጣም ቀርፋፋ ስለነበር ኩባንያው ከራሱ መጠባበቂያ ቅጂ ፋይሎቹን መመለስ ግድ ሆነበት። የኋላ ኋላ የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ከቤዛው 63.7 ቢትኮይን አስመልሷል።

በስውር እንርዳ የሚሉት ወገኖች ይህን ይጠቅሳሉ። ቢትዲፌንደር የሰጠው መልስ ደግሞ በስውር የሚታደል መድኃኒት የሚደርሰው ሰው ላለው ብቻ ነው የሚል ነው። ኒውዮርክ ያለ ድርጅት ቮሳርን ያገኘው ይሆናል፤ መርካቶ ያለ ነጋዴ ከየት አምጥቶ? ከዚህ አገር ሆኖ ሲታይ የሁለተኛው ወገን ሚዛን ይደፋል።

መክፈል ያዋጣል ለሚለው ጥያቄ የኔዘርላንዱ ማስትሪክት ዩኒቨርሲቲ ያልተለመደ ታሪክ አለው። በዲሴምበር 2019 ተቆልፎበት 200,000 ዩሮ ገደማ በቢትኮይን ከፈለ። ፖሊስ የገንዘቡን ዱካ ተከትሎ በ2020 ከፊሉን አሳገደ፤ የታገደው በጊዜው 40,000 ዩሮ ያወጣ ነበር። በ2022 ለዩኒቨርሲቲው ሊመለስ ሲል የቢትኮይን ዋጋ ንሮ 500,000 ዩሮ ገደማ ሆኖ ተገኘ። በዚህ ተስፋ የሚከፍል ነጋዴ ግን ሎተሪ ቢቆርጥ ይሻለዋል። በኢትዮጵያ ደግሞ ብሔራዊ ባንክ በ2022 ቢትኮይንና መሰሎቹን ለክፍያ መጠቀም ሕገወጥ መሆኑን አስጠንቅቆ ስለነበር፣ ቤዛ ልክፈል የሚል ሰው በአንድ ችግር ላይ ሌላ ይጨምራል።

የኔዘርላንድ ፖሊስ በኦክቶበር 2022 የሠራው ሥራ ደግሞ ደረቅ ቼክ ለሚያውቅ ነጋዴ ሁሉ ወዲያው ይገባዋል። «ዴድቦልት» የተባለው ቡድን ክፍያ ሲገባ ቁልፉን በራሱ ጊዜ የሚልክ አሠራር ነበረው። ፖሊስ በዝቅተኛ የማስተላለፊያ ክፍያ ቢትኮይን ላከ። ገንዘቡ ገና ሳይጸድቅ ቁልፉ ተላከ፤ ፖሊስ ቁልፉን ተቀብሎ ክፍያውን ሰረዘ። ቡድኑ ነቅቶ በሩን እስኪዘጋ ድረስ 155 ቁልፎች በዚህ ዘዴ ወጡ።

መፍቻ የማይገኝለትም አለ። በጁን 2017 የተነሳው «ኖትፔትያ» ቤዛ ይጠይቅ እንጂ የከፈለም አልተከፈተለትም፤ ለማጥፋት የተሠራ ነበር። በዕቃ ጫኝነት አስመጪው ሁሉ የሚያውቀው የዴንማርኩ ማርስክ በዚያ ጥቃት ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ከስሯል። የኔትወርኩ ዋና ማውጫ የነበረባቸው ሰርቨሮች በመላው ዓለም ሲጠፉ የተረፈው አንድ ብቻ፣ ጋና ያለው ነበር። የተረፈውም በጥቃቱ ሰዓት እዚያ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ነው። ዲስኩ በሰው እጅ በናይጄሪያ በኩል ወደ እንግሊዝ ተወስዶ ኩባንያው ከዚያ ተነስቶ ቆመ። ተነቅሎ የተቀመጠ ዲስክ ምን እንደሚሠራ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አይገኝም። ኮምፒዩተሩ ላይ ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚውል መጠባበቂያ ዲስክ ግን ከዋናው ጋር አብሮ ይቆለፋል። መፍቻም ሆነ መጠባበቂያ የማይመልሰው ደግሞ የተሰረቀ ምስጢር ነው፤ ከ2019 መጨረሻ ወዲህ በርካታ ቡድኖች ከመቆለፋቸው በፊት ፋይሉን ገልብጠው «ካልከፈላችሁ እንበትነዋለን» ማለት ጀምረዋል።

የኖርዌዩ የአሉሚኒየም ኩባንያ ሃይድሮ በማርች 2019 «ሎከርጎጋ» በተባለ ቫይረስ ሲቆለፍ አልከፍልም አለ። ሠራተኞቹ ወደ ወረቀትና እስክሪብቶ ተመለሱ፤ የአሉሚኒየም ትዕዛዞች በእጅ ተጻፉ፤ ኪሳራው ወደ 70 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ። ኩባንያው ከመጠባበቂያ ቅጂው ፋይሎቹን መለሰ። የሎከርጎጋ ነጻ መፍቻ በቢትዲፌንደር፣ በዩሮፖልና በዙሪክ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ትብብር የወጣው በሴፕቴምበር 2022፣ ሃይድሮ ከተጠቃ ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ ነው። ዛሬ መፍቻ የለውም የተባለ ዲስክ ቀኑና የቫይረሱ ስም ተጽፎበት ካዝና ውስጥ ቢቀመጥ የሚያስወጣው የአንድ ዲስክ ዋጋ ነው፤ በየጥቂት ወሩ ደግሞ አዲስ መፍቻ ወጥቶ እንደሆነ ማየት ነው።